አንቱ የተባሉት ወጣት

የያዙኝ ልብስ ስሰፋ ነው። ሮቤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአንዲት ተማሪ የደንብ ልብስ ስዘመዝም ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሻለን» አለኝ። በዚያ ዘመን ለአምስት ደቂቃ የተፈለገ ሰው ጋቢውን ይዞ መውጣት እንዳለበት ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን እንደ ልማዴ መርፌዬን ኮሌታዬ ላይ ሰክቼ ተከተልኳቸው፤ ጋቢዬ ወንበሩ ላይ ቀረ። የባሌን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያን ጋቢ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት ይገባዋል።

ወንጀሌ ወንድሜ ነበር። ጫካ ገብቷል፣ አንቺም ስንቅ ታቀብዪዋለሽ አሉኝ። የት እንዳለ ባውቅማ ባቀበልኩት ነበር፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይህንኑ ስናገር ጠያቂዬ «ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት» አለኝ። ልክ ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው።

የሴቶች ክፍል ያሉት ቤት ቀድሞ የስንዴ መጋዘን ነበር። ሮቤ ዙሪያዋን ስንዴ ናትና መጋዘን አይቸግርም፤ እስረኛ ሲበዛ እህሉን አውጥተው ሰው ከተቱበት። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የአይጥና የአሮጌ ጆንያ ሽታ ነው። ከጣሪያው ሥር ካለች አንዲት ቀዳዳ በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ የቀረው ስንዴ ለሽንት በተቀመጠልን ባልዲ አጠገብ ያለውን እርጥበት አግኝቶ በቅሏል። እዚያ ቤት የተመቸው እሱ ብቻ ነበር።

ስም አልጠራም። ከዚያ ቤት ሰዎች አንዷ በሕይወት አለች፤ አንዷ አልፈዋል፤ ስለ አንደኛው ሰው ግን አሉ ለማለትም የሉም ለማለትም አፌ አይደፍርም። ሌሎች ሴቶችም ይመጡና ይሄዱ ነበር። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት አሮጊት፣ ስለ አንዲት ነጋዴ፣ ስለ ራሴ፣ ከዚያም በኋላ ስለመጡብን ሰው ነው።

አሮጊቷ የጎባ ሰው ናቸው፤ አዮ እንላቸው ነበር፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት። ልጃቸው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አንድ ነገር ተናገረና ጠፋ፤ እሱ እስኪገኝ ብለው እሳቸውን አስቀመጧቸው። የአዮ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። በኦሮምኛ ወንዱም ሴቷም «አቲ» ነው፤ «ኮቱ» ስትል ወንዱም ይመጣል ሴቷም ትመጣለች። አዮም ያንን ይዘው አማርኛ ውስጥ ገቡበት። ያን የሚያህል መሣሪያ ያነገተ ጎረምሳ ጠባቂ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ አምጪ እንጂ!» ይሉታል። እኔን ደግሞ «አንተ፣ ብርድ እንዴት አሳደረህ?» ይሉኛል። ጠባቂዎቹ መሳቅ ሲያምራቸው በሩን ከፍተው ያናግሯቸው ነበር። እኛም እንስቅ ነበር፤ እዚያ የሚያስቅ ነገር ከተገኘ አይናቅም።

ነጋዴዋ ከአጋርፋ ወደ ሮቤ ቅቤና እህል የምታመላልስ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ የምትል ሴት ናት። በቅቤ ቅሏ ውስጥ መልእክት አገኘን ብለዋታል። ጡት ያስጣለችው ገና በቅርቡ የሆነ ሕፃን ጎረቤት ጥላ መጥታለች። ቀን ቀን ስትጨቃጨቅ ትውልና ሲመሽ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትቀመጣለች። ከዚያ በፊት በሌላ ጣቢያ ታስራ በር ተከፍቶባት ያውቃል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነገረችኝ፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

አራተኛው ሰው የመጡት ዝናብ በሚጥልበት ከሰዓት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልቁም። ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስለኝም፤ ለዚያ ልጅነት «እሳቸው» ማለቴ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋልና እንደተገረማችሁ ታገሡኝ። ረጅም ናቸው። ሻሻቸውን እስከ አገጫቸው ድረስ ጠምጥመውታል። ቀሚሳቸው ረጥቦ ቅልጥማቸው ላይ ተጣብቋል። አንገቱ ከምትባለው ከተማ በኩል፣ ከሃረና ጫካ የለቀሙትን ቡና ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ ተያዙ፤ ቡናው ከጫካ ሰዎች የተላከ ነው ተብሎ ነው። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ከባልዲው አጠገብ፣ ከበቀለው ስንዴ ጎን፣ ማንም በማይፈልገው ቦታ ተቀመጡ።

ዝም አሉ። ዳቦ ሲሰጣቸው ይቀበላሉ፣ ሲጠየቁ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁላችንም ስንታጠብ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ሻሻቸውን እንኳ አይፈቱም። ነጋዴዋ ዓይኗን ጣለችባቸው። «ይቺ ልጅ የሆነ ነገር አለባት» ትለኝ ጀመር። «ምን ይኖርባታል፣ ፍርሃት ነው እንጂ» እላታለሁ። «እኔ የማውቀውን ፍርሃት አይመስልም» ትላለች።

አንድ ጠዋት ከጣሪያው ሥር የምትገባው ፀሐይ ወርዳ ፊታቸው ላይ አረፈች። ተኝተው ነበርና ሻሹ ተንሸራቷል። አገጫቸው ላይ ጢም ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ጢም ነው። ነጋዴዋ ዘላ ተነሥታ በሩን በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር። «ወንድ! ወንድ አስገብተውብናል! ጆሮ ጠቢ ነው! ኧረ የሰው ያለህ!» ድምፅዋን አሁንም እሰማዋለሁ። ቁጣ አልነበረም። ያ ሌላ ጣቢያ፣ ያ ሌላ በር ነበር የሚጮኸው።

ጠባቂው መጣና በሩን ሳይከፍት «በዳቦ ተጣላችሁ ደግሞ? ዝም በሉ!» ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት። ድምፃቸው ወፍራም ነበር፤ ዝምታቸው የገባኝም ያኔ ነው። በኦሮምኛ ነበር የነገሩን፤ እኔ እንደሚሆነኝ ልመልሰው።

«ጆሮ ጠቢ አይደለሁም። እንዲህ ነው የተወለድኩት። አዋላጇ አይታ ለእናቴ ነገረቻት፣ እናቴ ሴት ናት ብላ አሳደገችኝ። ጓደኞቼ የወር አበባ ሲያዩ እኔ አላየሁም፤ ድምፄ ወፈረ፣ ጢም መጣ። እናቴ ስትሞት መንደሩ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ጫካ እየገባሁ ቡና እለቅማለሁ። ቡና አይጠይቅም።» ሻሻቸውን መልሰው እየጠመጠሙ ጨመሩ። «ወንድ ነህ ካሉኝ፣ ቀሚስ ለብሶ የተደበቀ ሸማቂ ነው ብለው ካምፕ ይወስዱኛል። ከወንዶቹ ክፍል ቢያስገቡኝም ምን እንደሚያደርጉኝ አውቀዋለሁ። እባካችሁ አትጩኹብኝ።»

ካምፕ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከወንዶቹ ክፍል ወደዚያ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም።

መጀመሪያ የተናገሩት አዮ ነበሩ። ከጎናቸው ያለውን ጆንያ በእጃቸው መታ መታ አደረጉና፣ ነጋዴዋም እንድትሰማ ይሁን እንጃ፣ በአማርኛ ተጣሩ። «አንተ ልጅ፣ ነይ ወደዚህ! እዚያ ብርድ ነው፤ እኔ አጠገብ ተቀመጥ፣ የኔ ቆንጆ፣ አትፍሪ!»

ወጣቱ ሰው መጀመሪያ አዮን ትኩር ብለው አዩአቸው። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ከተወለድኩ ጀምሮ በትክክል የጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው» አሉ። እኔም ሳቅኩ። አዮ ምን እንዳሳቀን አልገባቸውም፤ ግን የሰው ሳቅ ደስ ይላቸዋልና አብረውን ሳቁ።

ነጋዴዋ ብቻ አልሳቀችም። «እንግዲያው እኛስ ምን እንበል?» አለች። «አንተ እንዳንል እንዲህ፣ አንቺ እንዳንል እንዲያ! በቃ አንቱ ልበላ! አንቱ ጌታዬ፣ አንቱ እመቤቴ፣ እግርዎን ከመንገዴ ይሰብስቡልኝ!»

«እሺ» አሉና እግራቸውን ሰበሰቡ።

ስድብ ነበር። ስድብ ሆኖ ተወልዶ ግን እንደ ስድብ አላደገም። ነጋዴዋ ራሷ ያወጣችውን ስም ራሷ ለመደችው። መጀመሪያ «አንቱ፣ ባልዲውን ያውጡ» ነበር፤ ቆይቶ «አንቱ፣ ዳቦዎን አልበሉም እኮ» ሆነ። አንድ ቀን ከመርፌዬ ጋር ከነበረችው ክር ላይ ቆርጣ ወሰደችና፣ ከፊታቸው ተንበርክካ፣ ክሩን በጥርሷና በጣቶቿ ወጥራ አገጫቸውን ትነጭ ጀመር፤ ሙሽራ እንደሚያዘጋጁ ሴቶች። «ይቻሉት፣ ያማል» ትላቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይችሉታል። ከዚያ ወዲያ የአገጫቸው ነገር የእሷ ሥራ ሆነ፤ እኔ እንኳ እንድነካው አትፈቅድም።

ልጅ ሆኜ ፊደል ስቆጥር ተ፣ ቱ፣ ቲ ብዬ ነው የተማርኩት። ተኝቼ ሳስበው ለካ በአንተና በግዕዙ አንቲ መካከል ያለችው ቱ ናት። ይህን ለነጋዴዋ ብነግራት «አንቺ ደግሞ ሥራ ፈተሻል» አለችኝ፤ ሥራስ ፈትቼ ነበር።

አዮ ሲሰግዱ እሳቸው ከኋላ ቆመው ያዩአቸው ነበር እንጂ አብረው አይሰግዱም። አዮ ጠየቋቸው። ወጣቱ ሰው ከወንዶች ወይስ ከሴቶች ጋር እንደሚቆሙ ስለማያውቁ ዘወትር ለብቻቸው ጫካ ውስጥ እንደሚሰግዱ ነገሯቸው። የአዮ አባት የቁርዓን አስተማሪ ነበሩ። «እንዲህ ሆኖ የተወለደውን ሼሆቹ ኹንሳ ይሉታል» አሉ አዮ። «ቦታ አለው። ከወንዶቹ ኋላ፣ ከሴቶቹ ፊት ነው። አባቴ ሲያስተምር ሰምቻለሁ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጣቱ ሰው ከአዮ አንድ እርምጃ ቀደም ብለው ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ለሌሉት ወንዶች የተተወ ባዶ ሲሚንቶ አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከጥግ ሆኜ አያቸው ነበር። ሲሰግዱ ጀርባቸው ቀጥ ይል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደረሰ።

አንዲት አዲስ ሴት ፖሊስ ከሌላ ቦታ ተዛውራ መጣችና ፍተሻ አለች። የቀድሞዋ ኪስ ዳብሳ ነበር የምትተወን፤ ይቺኛዋ ግን ሥራዋን የምትወድ ናት። እሳቸው ጋ ስትደርስ እጇን እንደተቃጠለ ሰው መልሳ ወደ በሩ ሮጠች። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንንም ወደ ግቢው አወጡን።

ጉም ገና አልተገፈፈም። የወንዶቹ ክፍል ለፀሐይ ወጥቶ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተደርድሯል፤ ያልወጣችውን ፀሐይ ይጠብቃል። በመካከል አዛዡ ቆሟል። ከሌላ አገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው ነው። ከጀርባው አንዲት ፒክአፕ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማለች። ያቺን መኪና እናውቃታለን። ወደ ካምፕ የምትሄደው እሷ ናት።

«ና ወደዚህ!» አላቸው።

አልተንቀሳቀሱም።

«ነይ አልኩሽ!»

አሁንም አልተንቀሳቀሱም። እግራቸውን ያሰረው ፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጃቸው እጄን ጨብጦ ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ግን ትክክለኛውን ቃል የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ከፖሊሶቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። አዛዡ ሳቁን ሰማና ፊቱ ደም መሰለ፤ ዞሮም ነጋዴዋን አያት።

«አንቺ! ወንድ አስገብተውብናል ብለሽ በር ስትደበድቢ የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉ። እውነቱን ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ወንድ ነው ሴት?»

ቤትሽ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እኔ ብሆን ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጎረቤት የጣልኩት ሕፃን የለኝም። ነጋዴዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ እንደገና አጣፋችው፤ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ይመስል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከእሷ ሰምቼው በማላውቀው እርጋታ ተናገረች።

«ይምጡ ቢሏቸው ይመጣሉ።»

«ምን?»

«ይምጡ ይበሏቸው። እኛ እንደዚያ ነው የምንላቸው።»

በጥፊ መታት። ነጠላዋ ወደቀ፣ ከንፈሯ ደማ። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አንሥታ መልሳ አጣፋችው።

«ልብሱ እዚሁ ይውለቅ!» አለ አዛዡ። እሱም ቢሆን አውልቅ ማለትም አውልቂ ማለትም አቅቶት በዙሪያው ነበር የሚሄደው።

ቀድመው የተንቀሳቀሱት አዮ ናቸው። እየተንፏቀቁ ሄደው ከወጣቱ ሰው ፊት ቆሙና የጋቢያቸውን ሁለት ጫፍ ዘረጉ። አዛዡን ቀና ብለው እያዩ «አንቺ ልጅ፣ እፈሪ!» አሉት። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀባቸውም። ነጋዴዋ ነጠላዋን ይዛ በግራ ቆመች፣ እኔ የምዘረጋው ባይኖረኝ በቀኝ ቆምኩ። ጀርባችንን ወደ እሳቸው፣ ፊታችንን ወደ ጠመንጃው አደረግን። አልጀገንኩም። ግን ሳይጀግኑም መቆም ይቻላል።

ያን ጊዜ ነው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር አንድ ሰው ጀርባውን የሰጠን። እኛን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው ዞረ። ቀጥሎ ሌላው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከደቂቃ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ የወንድ ፊት የሚታየው የፖሊሶቹ ብቻ ነበር። ከእነሱም አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

የሚያይ ሰው ሲጠፋ ነገሩ ለአዛዡም ጣዕሙ ጠፋበት መሰለኝ። ምራቁን ተፋ። «ጎባ ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ» አለ። «ሐኪሙ ይለየው። ወንድ ከሆነ በዚያው ወደ ካምፕ። ሴት ከሆነች ትመለስ።»

አሸነፍን ብዬ ነበር። ሐኪም የተማረ ነው፣ እውነቱን ያያል አልኩ። ያየው እውነት ከሁለቱ በር በየትኛው እንደሚገባ አላሰብኩም።

ሻሻቸውን ላስተካክልላቸው ጠጋ አልኩና መርፌዬን ከኮሌታዬ ነቅዬ በእሳቸው ኮሌታ ውስጥ፣ በስፌቱ ሥር አስገባሁት። ያ ሁሉ ፍተሻ ያላገኘው መርፌ ነው። «ምን ላድርገው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሚቀደድ አይጠፋም» አልኳቸው። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ማንም ሳይጎትታቸው በራሳቸው እግር ወደ መኪናው ሄዱ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የሮቤ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። አዛዡ እንዳይሰማው ወደ መሬት እያየ በሩን ከፈተላቸውና «ይግቡ» አላቸው። ገቡ። መኪናዋ በጎባ መንገድ ጉሙ ውስጥ ገባች።

እንደ ወጡ ቀሩ።

ነጋዴዋ ያን ቀን ዳቦዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ሲመለሱ ይርባቸዋል» አለች። ሲደርቅ በሌላ ተካችው፤ ያም ሲደርቅ በሌላ። አዮ ሲሰግዱ ከፊታቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተው ነበር። እኛ በዚያ ቦታ ላይ አንሄድም፤ ዞረን ነው የምናልፈው።

በመጨረሻ እኔን ያለ አንዳች ቃል ለቀቁኝ፤ እንደያዙኝ ማለት ነው። በማግስቱ ጎባ ሄድኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ «የወንዶች ክፍል ነው የሴቶች?» አለኝ። «ሁለቱንም ልይ» ስለው ፈቀደልኝ፤ በሁለቱም የሉም። እዚያው ጎባ ወዳለው እስር ቤት ሄድኩ። በወንዶቹ በር ላለው ዘበኛ ስማቸውን ብነግረው «ይሄማ የሴት ስም ነው፣ እዚያ ጠይቂ» አለኝ። ከሴቶቹ በር «እንዲህ ያለ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም ከሆነማ የወንዶቹን ጠይቂ» አሉኝ። «እሳቸው» እያልኩ ስጠይቅ አንደኛው ዘበኛ አዝኖልኝ «አባትሽ ናቸው? ሽማግሌ ናቸው?» አለኝ። «አይ፣ ወጣት ናቸው» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ወደ ካምፑማ የሚጠጋ ሰው አልነበረም። ሰው ሲጠፋ የሚጠየቅበት በር አለ፤ የእሳቸው ግን ከሁለቱ በር መካከል ጠፋ። እዚያ መካከል የሚያንኳኩት ነገር የለም፤ ግድግዳ ነው ያለው።

ዓመታት ሄዱ። አዮ አረፉ፤ ልጃቸው ቀብራቸው ላይ እንኳ አልተገኘም። ነጋዴዋ አሁንም ከአጋርፋ ቅቤ ስታመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ስለዚያ ቀን አናወራም፤ የልጅ ልጆቿን፣ የስንዴውን ዋጋ፣ የጉልበቷን ሕመም ታወራኛለች። ልትወጣ ስትል ብቻ፣ ከበሩ መልስ ትልና፣ «አልመጡም?» ትለኛለች።

«አልመጡም» እላታለሁ።

እኔ አሁንም እሰፋለሁ። መልካቸው እየጠፋብኝ ነው፤ ያ ያስፈራኛል። ቁመታቸውንና ድምፃቸውን አስታውሳለሁ፣ ፊታቸውን ግን የማየው በዚያች የጠዋት ፀሐይ እንደተኙ ብቻ ነው። ረጅም ሰው በመንገድ ሲያልፍ የስፌት መኪናዬን ፔዳል የሚረግጠው እግሬ ይቆማል። ሰፈሩ አንድ ዓመል እንዳለኝ ያውቃል፤ ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ጎረምሳ፣ ዩኒፎርም የምትለካውን ልጅ፣ ሁሉንም አንቱ እላለሁ። «እማማ፣ ምነው አንቱ ይሉኛል፣ ልጅዎ አይደለሁ?» ይሉኛል። አርጅታለች ይላሉ፤ አርጅቻለሁም። አንተ ወይም አንቺ ብዬ ቀድሜ ጠርቻቸው፣ ደጃፌ ላይ የቆሙት እሳቸው ቢሆኑና ሰምተው ቢመለሱስ? እሱን ነው የምፈራው።

የመኪናውን በር የከፈተው ልጅ ያላቸውን ቃል ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። በአክብሮት ነበር ያለው፤ አክብሮ ነው የወሰዳቸው። ቃሉን ከዚያች መኪና በር ላይ አንሥቼ እኔ በር ላይ ላደርገው እሞክራለሁ። ደጃፌ ላይ ጥላ ሲያርፍ፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ ማን እንደሆነ ከማየቴ በፊት፣ «ይግቡ» እላለሁ።